በወንድሟ ስም

«የመኪናዋ ባለቤት ማነው?»

«አንተ።»

«አንተ አትበይ። የምትቆሚው ዳኛ ፊት ነው። ወንድሜ ነው በይ።»

«ወንድሜ ነው።»

«አንቺስ ምኑ ነሽ?»

እህቱ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጇ ጨበጠች። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። «ቅጥር ሾፌሩ» አለች በመጨረሻ፣ ለብርጭቆው የምትነግረው ይመስል።

«እንደሱ አንገትሽን ሰብረሽ ከተናገርሽ ማን ያምንሻል? ቀለል አድርጊው እንጂ። እንደገና።»

ገና በጠዋቱ፣ ጎረቤት በሩን እንኳ ሳይከፍት፣ ወንድምና እህት በአንዲት ጠባብ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው ውሸት ያጠናሉ። ክፍሏ የወንድምየው፣ የመኪና ወንበር ሰፊው ናት፤ መኝታውም ሱቁም እሷው ናት። ከአልጋው ግርጌ የስፖንጅ ክምር፣ ግድግዳው ሥር ሥጋው ተገፎ አጥንቱ የቀረ የመኪና ወንበር፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ጥቁርና ቡናማ የቆዳ ጥቅል፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ክዳኑ የማይገጥም የማስቲሽ ጣሳ። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ከተጋጨ ታክሲ የተነቀለ የኋላ መቀመጫ ላይ ነው፤ እህቱም የተቀመጠችው እዚያው ነው። ማስቲሹ ልብሱም ትራሱም ላይ ስለሚሸት ሰዎች አጠገቡ ሲቀመጡ አፍንጫቸውን እንደሚያሻሹ ያውቃል። ማንኛው ሰው፣ የት ቦታ፣ መቼ እንዳሻሸ ጭምር ያውቃል። ነገር አይረሳም፤ ሆዱ ውስጥ አንድ በአንድ አጣጥፎ ነው የሚያስቀምጠው።

ቀጠሮው ዛሬ ነው። ክሱ «የተሽከርካሪ ባለቤትነት መለወጡን ለሚመለከተው አካል ባለማሳወቅ» ይላል። ወንበር ሰፊው ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስለሆነ ይህቺን መስመር አንብቦ እስኪወጣት ድረስ ላብ አጠመቀው። ስትገባው ደግሞ ሁለተኛ ላብ አጠመቀው፤ ምክንያቱም እውነት ናት። ሚኒባሷን ለእህቱ ከሸጠላት አራት ዓመት ሆኖታል። ተገልብጣ ቦይ ውስጥ የተገኘች መኪና ነበረች፤ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ገዝቶ፣ አስቀጥቅጦና አስቀብቶ፣ ወንበሮቿን ለሕፃናት ቁመት ዝቅ አድርጎ በገዛ እጁ ሰፋት። እህቱ ዋጋዋን ሳትሸራርፍ ከፈለችው፤ ቁልፉን ሰጣት፤ አለቀ። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። እነሱ ቤት ወንድም እህቱን ፈርሚ ካላት ሌባ ነሽ እንዳላት ነው የሚቆጠረው። ስሙ ሳይዛወር የቀረው ግን በመርሳት አይደለም፤ እሷው ናት እግሩ ላይ ወድቃ ያስቀረችው።

ምክንያቱ ባሏ ነው። ባሏ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። አይጠጣም፣ እጁን አያነሳም፣ ውጭ አያድርም። የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ውስጥ አምፖልና ሽቦ የሚሸጥ፣ ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ ሰው ነው። ችግሩ እምቢ ማለት አልተፈጠረበትም። ጓደኛው ሲበደር ዋስ ነው፣ የጓደኛው ጓደኛ ሲታሰር ዋስ ነው፣ አንድ ቀን ሻይ የጋበዘው ሰው ዕቃ በዱቤ ሲወስድ ዋስ ነው። ሰዉም «የሁሉ ዋስ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እሱም ሲጠሩት እንደ ሹመት ደስ ይለዋል። ከዚያ ጓደኞቹ ይጠፋሉ፣ አበዳሪዎቹ ይመጣሉ። መጀመሪያ ፍሪጁ ሄደ። ቀጥሎ የስፌት መኪናዋ ሄደች፤ ተሸካሚዎቹ ሲያወጧት ባሏ ራሱ በሩን ይዞላቸው «ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳትጋጭባችሁ» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ለመውደድ የሚቸገሩት ከእሱ ጋር አንድ ቤት የሚኖሩት ብቻ ናቸው። ሚኒባሷ በእህቱ ስም ብትዞር የባልና ሚስት ንብረት ትሆናለች፤ የባልና ሚስት ከሆነች ደግሞ ዓመት ሳትቆይ የአንዱ ወሮበላ ዋስትና ሆና ትሄዳለች። በወንድሟ ስም እስካለች ግን ማንም አይነካትም። ስለዚህ ለባልም ለዘመድም የተነገረው ነገር አንድ ነው፤ መኪናዋ የወንድሜ ናት፣ እኔ ተቀጥሬለት ተማሪ አመላልሳለሁ።

የዚህን ውሸት ዋጋ ሲከፍል የኖረው ታዲያ ወንበር ሰፊው ነው። የባሏ ዘመድ በሙሉ እህቱን በቁራሽ ደሞዝ የሚያሰራ ንፉግ አድርጎ ነው የሚያውቀው። በአንድ ሠርግ ላይ የባሏ አክስት፣ አፏ መዝጊያ የሌለው ሴትዮ፣ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችውና ሳህን እያቀበለችው አጠገቧ ላለችው ሴት «የገዛ እህቱን ሾፌር አድርጎ የሚያሰራት ይሄ ነው» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። ዞር ብሎ ሊናገራት ሲል እህቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ዋጠው። ያን ቀን የዋጠው ነገር እስከ ዛሬ አልወረደለትም።

ሁሉም ነገር ተዳፍኖ በኖረ ነበር፤ የገለጠችው ግን እሷው ናት። አንድ ትራፊክ መንገድ ላይ አስቁሟት «ባለቤቱን ጥሪልኝ፣ ከቅጥረኛ ጋር አላወራም» ቢላት ደሟ ፈላ። «ባለቤቷ እኔ ነኝ! በላቤ የገዛኋት ናት!» ብላ ጮኸችበት፤ ከኋላ የተቀመጡት ሕፃናት አጨበጨቡላት። ትራፊኩ ሊብሬውን አየ፤ የወንድ ስም ነው። የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፈው። በአራት ዓመት አንዴ እውነት ብትናገር ያችው እውነት ክስ ሆና መጣች።

ፍርድ ቤቱ የሰጠው ተከላካይ ጠበቃ፣ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ፣ ነገሩን ቆሞ ነው የጨረሰው። «ጋሼ፣ እውነቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩዎትም፤ እንዳይነግሩኝ። ባለቤትነት ካልተለወጠ የሚነገር ለውጥ የለም። መኪናዋ የእርስዎ ናት፣ እህትዎ ቅጥር ናት፤ ይኸው ነው መከላከያችን። ዐቃቤ ሕግ ምስክር አድርጎ የጠራው እሷኑ ነው፤ እሷ ካጸናችልን ነፃ ነዎት።» ለወንበር ሰፊው ነፃ መውጣት ደግሞ ግድ ነው። እንጀራው የአውቶብስ ድርጅቱ ጋራዥ ነው፤ የተቀደደ ወንበር ሁሉ ለእሱ ነው የሚሰጠው። ድርጅቱ ውሉን በየዓመቱ ሲያድስ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ይጠይቃል። የጋራዡ ኃላፊ፣ ልጁ የሚሆን ሰው፣ በአንተ እየጠራ «ተፈርዶብህ እንዳትመጣ፣ በሩ ላይ ነው የምትመለሰው» ብሎታል።

እንግዲህ ሁለቱም የሚድኑት በዚያችው በአንዲት ውሸት ነው። ለዚህ ነው ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ያጠኗት።

ከዚያ ተነስተው ሕፃናቱን ከየደጃፋቸው እየለቀሙ ሄዱ። እሱ ጋቢና ተቀምጧል፤ ከዓመት አንዴ ለበዓል ብቻ የሚለብሰው ኮት ብብቱ ላይ ይዞታል። እህቱ ስትነዳ ሌላ ሰው ናት። እጇ መሪው ላይ ዘና ይላል፣ አንገቷ ይቀናል፤ የትኛዋ እናት በር ላይ እንደምታስጠብቅ፣ የትኛው ልጅ ጉድጓድ ሲዘለል ሆዱ እንደሚገለበጥ ታውቃለች። ለዚያ ልጅ ስትል ጉድጓዱን ዞር ብላ ታልፈዋለች። ወንበር ሰፊው በጎን ያያታል። እናታቸው ቤት ሁለት ልጅ ማስተማር ሲያቅት ከትምህርት ቤት የወጣው እሱ ነበር፤ ይህንንም አልረሳም፣ ግን በእሷ ላይ የያዘው ቂም ሌላው ሰው ላይ እንደያዘው አይጠነክርለትም። ሊቆጣት ይጀምርና መሃል ላይ ይጠፋበታል።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች ከኋላ አንዲት ሕፃን።

«ወንድሜ ነው።»

«ለምን ተቆጣ?»

«አልተቆጣም የኔ ቆንጆ፤ ፊቱ ነው።»

ሕፃናቱ ሳቁ። እሱም ሊስቅ ከጅሎት ነበር፤ ተወው።

«ጎማ ደግሞ ጨመረ» አለች እህቱ ቆየት ብላ።

«ምን ያልጨመረ አለ።»

«የፊቶቹ ሁለቱ ዘንድሮን አይሻገሩም።»

«እጠይቅልሻለሁ ጋራዥ።»

ሁለቱም የሚያስቡት ያንኑ ነው፤ ካሰቡት ይልቅ ስለ ጎማ ማውራት ይቀላል። ሕፃናቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወርደው ሲያልቁ እህቱ መስተዋቷን አስተካክላ «አክስትየዋም ትመጣለች አሉ» አለች።

«ምን ልትሆን?»

«ባሌ ነግሯት ነው። ሰው ብቻውን ፍርድ ቤት አይሄድም ብሎ ዘመድ ሰብስቧል።»

«ለኔ አዝኖ?»

«ለሁሉም ነው እሱ የሚያዝነው» አለች፤ ወቀሳም ሙገሳም አልነበረበትም።

ችሎቱ የተሰየመበት ክፍል ድሮ መማሪያ ክፍል የነበረ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ከግድግዳው አልተነቀለም፤ ዳኛው የተቀመጡት እሱን ጀርባቸው አድርገው ነው። ሕዝብ የሚቀመጥበትም የተማሪ ዴስክ ነው። ወንበር ሰፊው ከልጅነቱ ወዲህ ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ አያውቅም፤ ገና ሲገባ ያላጠናውን ትምህርት ሊጠየቅ የመጣ ይመስል ኮቱን ቆለፈ። ከበስተኋላ የሁሉ ዋስ ዘመዶቹን ይዞ ሁለት ዴስክ ሞልቷል። እጁን አውለበለበለት፣ «አይዞዎት ጋሼ!» አለው። አክስትየዋ ግን ጭኗ ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣ እንደ ቲያትር ተመልካች ተመቻችታለች።

ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ሴት ናት፤ ቀጭን ድምፅ፣ ቀስ ያለ አነጋገር። እህቱ ተጠርታ እውነት ልትናገር ማለች። መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዳጠኑት ሄደ። ባለቤቷ ማነው፣ ወንድሜ ነው። አንቺስ፣ ቅጥር ሾፌሩ። ቀለል አድርጋ ጣል አደረገችው፤ ወንበር ሰፊው በልቡ ጎበዝ አላት።

«ለትራፊክ ፖሊሱ ግን ባለቤቷ እኔ ነኝ ብለሻል።»

«ብያለሁ። ሰድቦኝ ተናድጄ ነው።»

«ተናደሽ ዋሸሽ?»

«አዎ፣ ዋሸሁ።»

ዐቃቤ ሕጓ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ያመነች ትመስላለች። «ደሞዝሽ ስንት ነው?»

እህቱ ያጠኑትን ቁጥር ጠራች። እንዲታመን ብለው ዝቅ ያደረጉት ቁጥር ነው፤ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ሲጠራ ምንም አይመስልም ነበር፤ እዚህ ሰው መሃል ሲወጣ ግን አሳፋሪ ሆነ። ከኋላ ከንፈር ሲመጠጥ ተሰማ።

«ዕረፍት አለሽ?»

«ወንድሜ አይደል፤ ምን ዕረፍት እጠይቀዋለሁ።»

«ስትታመሚስ ማን ይነዳል?»

«እኔው።»

«ሁለተኛ ልጅሽን ስትወልጂስ?»

ይህን አላጠኑትም። እህቱ ወደ ወንድሟ ልታይ ብላ መልሳ ወደ ወለሉ አየች። «ወዲያው ነው የተመለስኩት» አለች። «ሳምንትም አልሞላኝ።»

«አራስ ሆነሽ?»

«አዎ።»

«ወንድምሽ ምን አለ?»

ወንበር ሰፊው ያን ጠዋት ትናንት የሆነ ያህል ያስታውሰዋል። በሯ ላይ ቆሞ ቁልፉን አምጪ፣ እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ ተኚ እያለ ሲጮህባት፣ እሷ ቁልፉን ሕፃኑ መጠቅለያ ውስጥ ሸሽጋ «ወላጆቹ ሰው ሲለወጥባቸው ሌላ ሰርቪስ ይፈልጋሉ፤ አንተ ደግሞ ስትነዳ ትሳደባለህ» ብላ ስቃበት ነበር። እምቢ ስትለው ጋራዡን ትቶ አንድ ሳምንት ሙሉ ጋቢና አብሯት ተቀምጦ ዋለ፤ ሕፃኑን እሱ ታቅፎ፣ እሷ እየነዳች። ለማንም አልተነገረም። ለማን ይነገራል።

«ምንም አላለም» አለች እህቱ።

«ምንም?»

«ምንም አላለኝም። ሥራ ነው።»

በኋለኛው ዴስክ ጉምጉምታ ተነሳ። የሁሉ ዋስ እንባ ባቀረረ ድምፅ «አያችሁ?» ሲል ተሰማ፤ «ዝም ብላ ነው እኮ የምትችለው!» ዳኛው በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። ወንበር ሰፊው እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው፤ በመርፌ የተበሳሱ፣ ጥፍራቸው ሥር ማስቲሽ የደረቀባቸው እጆች። ውሸት እንደሆነ ያውቃል። እሱው ራሱ ያስጠናት ውሸት ነው። ግን ስድቡ ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ሌላ ነው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ የሆነ ቦታ አጥንቱ ውስጥ ገባ። ምንም አላለኝም።

ተራው ደርሶ ቆመ። ጠበቃው መንገዱን ጠረገለት፤ መኪናዋ የእርስዎ ናት? የኔ ናት። ሸጠው ያውቃሉ? አላውቅም። ጠበቃው ደስ ብሎት ተቀመጠ። ዐቃቤ ሕጓ ተነሳች፤ ወረቀቷን እንኳ አላነሳችም።

«አባቴ» አለችው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እኔ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ። ወይ መኪናዋን ለእህትዎ ሸጠውላታል፤ ይህ ከሆነ ጥፋትዎ አለማሳወቅ ብቻ ነው። ወይ ደግሞ የገዛ እህትዎን ከአራስ ቤት አስነስተው በዚህ ደሞዝ የሚያሰሩ ሰው ነዎት። የትኛው ነዎት?»

«ሁለተኛው ነዋ!» አለች አክስትየዋ ከኋላ፣ ሳትጠየቅ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ደጃፉ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር ሳቀ።

ዳኛው ሴትዮዋን ገሠጿት፤ ሳቁ ግን ቶሎ አልጠፋም። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀላል ነው፣ መልሱ ተገኝቷል፣ ሁለተኛው ማለት ብቻ ነው የሚል ጠረጋ። እህቱ ዓይኗን ተከለችበት። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም፤ በዓይኗ ግን አሁንም በጠረጴዛ ሥር እግሩን ትረግጠው ነበር። ወንበር ሰፊው ሁሉንም አየ። አንዲት ቃል ናት። አንዲት ቃል ተናግሮ ወደ ጋራዡ፣ እሷም ወደ ሕፃናቷ። አፉን ሲከፍት ሊናገራት የከፈተ ነበር የመሰለው።

«የመጀመሪያው» አለ።

«ምን አሉ?»

«የመጀመሪያው ነኝ። ሸጬላታለሁ! ሙሉ ዋጋዋን ከፍላኛለች፤ የሷ ናት። አራት ዓመት ሙሉ የሷ ናት። ቅጥር አይደለችም፤ ማንንም አልቀጠርኩም፤ ከእህቴ እጅ ሳንቲም በልቼ አላውቅም!» ድምፁ እየጨመረ ሄዶ ሰሌዳው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ለራሱም ተሰማው። «ያን ሳምንትም ተኚ ብያታለሁ! ሕፃኑን ያቀፍኩት እኔ ነኝ! እሷን ጠይቋት፤ ንገሪያቸው እንጂ!»

እህቱ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ተከሳሽ፣ እንግዲያው ስሙን ለምን አላዛወሩም?»

እዚህ ላይ መቆም ይችል ነበር። ረሳሁ ማለት ይችል ነበር፤ ሥራ በዛብኝ፣ ቢሮው ራቀኝ፣ ምንም ማለት ይችል ነበር። ግን አንዴ የተተረተረ ስፌት መሃል ላይ አይቆምም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ባሏ ለዋስትና እንዳይሰጥባት ነው» አለ፤ ዞሮም በጣቱ አሳየው።

ለአፍታ ያህል፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል፣ ወንበር ሰፊው ከልጅነቱ ጀምሮ ቀሎት የማያውቀውን ያህል ቀለለው። ከዚያ እህቱን አየ፤ ቅለቱም ጠፋ።

የተረፈው ፈጣን ነበር። ጥፋተኛ ነህ ተባለ፤ መቀጮው ተነበበ። እህቱ እንድትቆም ታዘዘች፤ ምላ መዋሸቷ እንደሚያስቀጣት፣ ለወንድሟ አዝና ስለሆነ ግን ለዛሬ በተግሣጽ እንደታለፈች ተነገራት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ሰሌዳ ፊት እንደቆመች ተማሪ፣ ሁሉንም ሰማች። በመጨረሻም ተሽከርካሪው ሳይውል ሳያድር በገዢዋ ስም እንዲዛወር ታዘዘ። ጠበቃው ቦርሳውን እየዘጋ «ምን ነካዎት ጋሼ?» አለው፤ መልስ ግን አልጠበቀም፣ ሌላ ቀጠሮ ነበረው።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ አናት ይበሳል። ፎቶ ኮፒ የሚያነሱት፣ ማመልከቻ የሚጽፉት፣ ቴምብር የሚሸጡት ጃንጥላቸው ሥር ተኮልኩለዋል። ወንበር ሰፊው የሁሉ ዋስ ይሰድበኛል፣ ቢመታኝም አልከላከልም ብሎ ነበር የወጣው። የሁሉ ዋስ ግን እጆቹን ዘርግቶ መጥቶ አቀፈው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ እኔን ፈርታችሁ? እኔን?» አለው። «ብትነግሩኝ እኮ! እኔ እኮ በነገር አልቀየምም። ስንት ዓመት በከንቱ ስናማዎት! እኔ አፈር ልብላ!» ደግሞም ከልቡ ነው። ወንበር ሰፊው ይህን ሰው ለመጥላት የቻለውን ያህል ሞክሯል፤ ትከሻው ላይ ሲያለቅስለት ግን የሚጠላበት ቦታ አጣ። ሰውዬው እንባውን ጠርጎ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። እንደቆመ አነሳው። «አቤት ወንድሜ! አይዞህ፣ አይዞህ፤ ምን ያስጨንቅሃል? ዋስ አታጣም አልኩህ እኮ። አሁንማ የራሳችን መኪና አለን!» አለ፤ ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በርቶ።

እህቱ ይህን ስትሰማ ከሁለት እርምጃ የማይርቅ ቦታ ቆማ ነበር። ወደ ወንድሟ ተጠጋች። ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህበት በወደደ።

«እኔ አውቅህ አልነበረም?» አለችው በዝግታ። «እኔ ማወቄ አይበቃህም ነበር?»

መልስ ነበረው። የረገጠችውን እግሩን፣ ከበር አጠገብ ያለውን ወንበር፣ ምንም አላለኝም ያለችውን፣ ሁሉንም ደርድሮ ሊነግራት ይችል ነበር። እሷ ግን አልጠበቀችውም።

«በይ እስቲ ቁልፉን» አላት ባሏ፣ ስልኩን ኪሱ እየከተተ፣ በዘመዶቹ ፊት። «ልጆቹን ዛሬ አብረን እናምጣቸው። በራሳችን መኪና እስቲ እኔም ልንዳ!» ዘመዶቹ እሰይ አሉ። እህቱ ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ ለአፍታ አየችው። ከዚያ ሰጠችው። የሁሉ ዋስ መሪው ሥር ተመቻችቶ መስተዋቱን ወደ ራሱ አዞረና ጋቢናውን መታ መታ አደረገላት፤ «ነይ እንጂ፣ እዚህ ግቢ!» የሰማች አልመሰለችም። የጎኑን በር ገፍታ ገባችና እስከ መጨረሻው ሄዳ ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ለሕፃን ቁመት የተሰፋ ስለሆነ ጉልበቶቿ ወደ አገጯ ተጠጉ።

በዚህ መሃል አንድ እጅ የወንበር ሰፊውን እጅ ያዘ። አክስትየዋ ናት። እጁን ወደ ከንፈሯ ወስዳ ሳመችው፤ ማስቲሽ ይሸታል ብላ አፍንጫዋን አላሻሸችም።

«ይቅር በለን ልጄ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «በምላሳችን ገደልንህ። በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ ያላማሁህ ቦታ የለም። ለካ አንተ መልአክ ኖረሃል! ከእንግዲህ ስምህን በክፉ የሚያነሳ ሰው ከኔ ጋር ነው የሚጣላው። ሰማችሁ?» ዘመዶቹ ሰማን አሉ። አንዱ ትከሻውን ሳመው። ሌላዋ እያነባች «እንዲህ ያለ ወንድም!» አለች።

አራት ዓመት የጠበቃት ቀን ናት። ሌሊት ሌሊት፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ይህቺው ሴትዮ እንዲህ እጁን ይዛ ስትለምነው እያየ፣ የሚመልስላትን ቃል ሲመርጥ ነበር የሚያነጋው። የሚያቃጥል ቃል፣ የሚያሳፍር ቃል፣ ደግሞ አንዳንዴ፣ ልቡ ሲራራ፣ ጨዋ ቃል። ሚኒባሷ ማርሹ እምቢ ብሎ ሁለቴ ተንገጫግጫ ጠፋች፤ የሁሉ ዋስ ስቆ እንደገና አስነሳት። በኋለኛው መስታወት የእህቱ ጭንቅላት ወደ ፊት ተወርውሮ ተመለሰ። አልዞረችም።

«ምነው ዝም አልከኝ?» አለች አክስትየዋ፣ እጁን እየወዘወዘች። «ይቅር አላልከንም እንዴ?»

«ብያለሁ» አለ፤ ዓይኑ ከግቢው በር እየወጣች ያለችው መኪና ላይ ነው። «ብያለሁ እማማ። እጄን ይልቀቁኝ።»